ብቻችሁን ተራራ ስትወጡ «ይብቃኝ፣ ልመለስ» የምትሉት መቼ ነው?

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ የቴሌግራም ግሩፖች በሃይኪንግ ማስታወቂያ ይሞላሉ። ወንጪ፣ መናገሻ ሱባ፣ ዝቋላ፣ የረር፣ ወጨጫ... ብዙው ሰው በግሩፕ ነው የሚሄደው። ግን ብቻውን መውጣት የሚመርጥም አለ። አንዳንዱ ጸጥታውን ፈልጎ፣ አንዳንዱ በራሱ ፍጥነት መሄድ ስለሚመቸው፣ አንዳንዱ ደግሞ ጓደኞቹ በየሳምንቱ «በሚቀጥለው እንሄዳለን» እያሉ ስላሰለቹት።

ምን ጫማ እንደሚደረግ፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚያዝ የሚነግሩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። ስለ መመለስ የሚያወራ ግን ብዙም የለም። ተራራ ላይ ችግር ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መውጣት አቅቶት አይደለም። መመለስ በነበረበት ሰዓት ስላልተመለሰ ነው።

በግሩፕ ስትሄዱ አንዱ ይደክመዋል፣ አንዷ «ኧረ ዝናቡ መጣ» ትላለች፣ አስተባባሪው ሰዓቱን ያያል። ብቻችሁን ስትሆኑ ይህን ሁሉ የሚያስበው አንድ ጭንቅላት ነው። እሱም የደከመው፣ የራበውና ጫፉን ለማየት የጓጓ ጭንቅላት።

ስለዚህ ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው እንናገር። የመመለስ ውሳኔ የሚወሰነው ተራራው ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ነው። ተራራው ላይ የሚቀራችሁ የወሰናችሁትን መፈጸም ብቻ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለዚህም ይሠራል።

ኤቨረስት ላይ 100 ሜትር ያህል ሲቀረው የተመለሰው ሰው

ጎራን ክሮፕ የሚባል ስዊድናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 ከስቶክሆልም በብስክሌት ተነስቶ እስከ ኔፓል ሄደ። ዕቅዱ ኤቨረስትን ብቻውን፣ ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ፣ ተጨማሪ ኦክስጅን ሳይጠቀም መውጣት ነበር።

ግንቦት 3 ቀን 1996 (እ.ኤ.አ.) ከጫፉ 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቆመ። ከስዊድን ድረስ ፔዳል የመታለት ጫፍ ከፊቱ ነው። ግን ሰዓቱ ሄዷል፣ ጉልበቱም አልቋል። ጫፉ ላይ መድረስ ቢችል እንኳ በሰላም ለመውረድ የሚበቃ ጊዜ እንደሌለው ገባው። ዞሮ ወረደ።

በዚያው ሰሞን ኤቨረስት ላይ ደንበኞች ይዞ የነበረው ታዋቂው የኒውዚላንድ መሪ ሮብ ሆል ይህን ሲሰማ የክሮፕን ውሳኔ አድንቆ ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 10፣ የሆል ቡድን ራሱ ወደ ጫፉ ወጣ። ሐሳቡ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ቢበዛ 8 ሰዓት ላይ ያልደረሰ ሰው እንዲመለስ ነበር። ሆል ግን ወደ ኋላ የቀረ አንድ ደንበኛውን ይዞ ከ10 ሰዓት በኋላ ገና ጫፉ ላይ ነበር። ማዕበሉ መጣ። በዚያ ቀንና በማግስቱ ተራራው ላይ 8 ሰዎች ሞቱ፤ አንዱ ሮብ ሆል ነው።

ክሮፕ ግን አርፎ፣ አገግሞ፣ ግንቦት 23 ቀን እንደገና ወጣና ጫፉን ረገጠ። ያለ ኦክስጅን። ኤቨረስት የትም አልሄደም ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛ፣ ሰዓት ማወቅና ሰዓት ማክበር የተለያዩ ናቸው። ሮብ ሆል ከማንኛችንም በላይ ተራራ ያውቅ ነበር። ሁለተኛ፣ «7 ወይም 8 ሰዓት» ሰዓት አይደለም። ቁርጥ ያለ አንድ ቁጥር ያስፈልጋል።

«እኛ ኤቨረስት አይደለም የምንወጣው» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ግን ወጨጫ ላይም ቢሆን ሲመሽ የሚሆነው ነገር ያው ነው፤ ትደነግጣላችሁ፣ ትቸኩላላችሁ፣ ያልታየ ድንጋይ ትረግጣላችሁ። ተራራ ላይ ብዙው መውደቅ የሚያጋጥመው ደግሞ ሲወረድ ነው። ጉልበት ዝሏል፣ ሐሳብ ታክሲ ላይ ደርሷል፣ እግር ግን ገና ቁልቁለቱ ላይ ነው።

የመመለሻ ሰዓታችሁን እንዴት ታሰላላችሁ?

የሚሰላው ከፀሐይ መጥለቂያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው።

እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው በተቀራራቢ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ጀምሮ እስከ 12፡45 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ። በጣም ቶሎ የምትጠልቀው ደግሞ ሃይኪንግ በሚደራበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ብርሃንም አጭር ነው፤ 20 ደቂቃ አካባቢ፣ ከዚያ ድቅድቅ ያለ ጨለማ። አውሮፓ ውስጥ በበጋ እንደሚታየው ለሰዓታት የሚቆይ ውጋገን እኛ ጋር የለም።

አሁን መንገዱን እንመትር። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት ዛሬም ይሠራበታል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ 1 ሰዓት።

ምሳሌ እንሥራ። እስከ ጫፉ 6 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 900 ሜትር ነው እንበል። ርቀቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ሽቅቡ 1 ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ። ግን ይህ የጠንካራ ሰው እግር ነው፤ ዕረፍትም ፎቶም የለበትም። እኛ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ስስ አየር ላይ ነን። ስለዚህ በአንድ ተኩል አባዙት። 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለመውረድ 3 ሰዓት ያዙ።

ከግርጌው የምትነሱት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ለክፉ ቀን 2 ሰዓት ቀንሱ፤ እግር ቢወለም፣ መንገድ ቢጠፋ፣ መኪና ቢጠፋ። ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ግርጌ መድረስ አለባችሁ። ከዚያ 3 የመውረጃ ሰዓት ቀንሱ። መልሱ 7 ሰዓት።

በቃ፣ 7 ሰዓት የመመለሻ ሰዓታችሁ ነው። የትም ሁኑ። ጫፉ «እዚችው ጋ» ቢመስልም። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉት፣ ስሙንም «ዙር!» በሉት። አላርሙ ሲጮህ ክርክር የለም።

ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ስሌቱን ከየአካባቢያችሁ ጋር አስማሙት። ሲያትል በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10፡20 አካባቢ ነው። ኮሎራዶ ተራሮች ላይ በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ስለሆነ እዚያ ያሉ ሰዎች እኩለ ቀን ሳይደርስ ከጫፍ ውረዱ ይላሉ።

ሰዓቱ ሳይደርስ «ተመለሱ» የሚሉ ምልክቶች

የመመለሻ ሰዓት የመጨረሻው ገደብ ነው። ከእሱ በፊት መመለስ የሚያስገድዱ ነገሮች አሉ። በአምስት ከፍለናቸዋል።

*1. ሰውነታችሁ*

ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ሊጀምር ይችላል። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ነዋሪዋ በከፊል ለምዷል። ግን ከአዋሳ፣ ከአዳማ፣ ከድሬዳዋ፣ ወይም ከዱባይና ከጅዳ በዚያው ሳምንት የመጣ ሰው አልለመደም። አዲስ አበቤም ቢሆን በመኪና ባሌ ሄዶ ሰነቲ አምባ ላይ 4,000 ሜትር ገደማ ሲወጣ ራሱን ሊያመው ይችላል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ እዚያ ነው (ኮንዶሚኒየሙን ማለታችን አይደለም)።

ቀላል ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጥቂት ነገር ብሉ፣ 20 ደቂቃ ዕረፉ። ከለቀቃችሁ ቀስ ብላችሁ መቀጠል ይቻላል። ካልለቀቀ፣ ወይም ማቅለሽለሽና ማዞር ከተጨመረ መልሱ ታች ነው። ለከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው።

ሁለት ነገር ካያችሁ ግን ዕረፍትም አትጠብቁ። ቁጭ ብላችሁ እንኳ ትንፋሽ ካጠራችሁ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ሌላው ሚዛን ነው። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያደረጋችሁ በቀጥታ መስመር 10 እርምጃ ሂዱ። ከተንገዳገዳችሁ አንጎል እያበጠ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። ሁለቱም ይገድላሉ። ወዲያው ውረዱ፣ የምታገኙትንም ሰው እርዳታ ጠይቁ።

ብርድም አለ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 20 ዲግሪ ሲሆን ቱሉ ዲምቱ ጫፍ 7 ዲግሪ አካባቢ ነው ማለት ነው፤ ያውም ነፋሱ ሳይቆጠር። ልብሳችሁ ከራሰ ደግሞ ብርዱ በጣም ይከፋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣታችሁ ጋር አገናኙ። ካቃታችሁ፣ ዚፕ መዝጋት ካስቸገራችሁ፣ የስልካችሁን ፓስወርድ ደጋግማችሁ ከተሳሳታችሁ ብርዱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ደረቅ ልብስ፣ ምግብ፣ ከዚያ ቁልቁል። መንቀጥቀጣችሁ ሳትሞቁ በራሱ ካቆመ ደግሞ «ተሻለኝ» አይባልም፤ ብሶባችኋል ማለት ነው።

*2. ሰማዩ*

በዝናብ ወቅት ደጋው ላይ ጠዋቱ ፀሐይ፣ ከሰዓቱ ዝናብ መሆኑ የተለመደ ነው። ደመናው ከፍ ብሎ እየጠቆረ ሲያብጥ ካያችሁ ነጎድጓዱን አትጠብቁ።

ብልጭታ ካያችሁ ቁጠሩ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ብልጭ ካለ በኋላ እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነጎድጓዱን ከሰማችሁ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ አደጋው ክልል ውስጥ ናችሁ። ከጫፉና ከገመገሙ ላይ ውረዱ። ነጥሎ ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ አትመለሱ።

ጉም ሌላው ነው። እንጦጦ ላይ እንኳ ጉም ሲወርድ ከጥቂት ሜትር በላይ አይታይም። ልካችሁ ይሁን፦ ከፊት ያለውን የመንገድ ምልክት ማየት ካልቻላችሁ ቁሙ። ካልተገለጠ፣ የመጣችሁበትን ዱካ ይዛችሁ ተመለሱ።

ወንዝ ተሻግራችሁ ከነበረ ደግሞ ላይ ላይ ሲዘንብ አስቡት። ጠዋት በድንጋይ ዘላችሁ ያለፋችኋት ትንሽ ጅረት ከሰዓት ደራሽ ውሃ ልትሆን ትችላለች። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ሰው ይጥላል። ዝናብ ሲጀምር ገና ሳይሞላ ተመልሶ መሻገር ይሻላል።

*3. መሬቱ*

ገደል ነገር ላይ ከመንጠላጠላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ «ይችን የወጣኋትን መልሼ መውረድ እችላለሁ?» ሽቅብ መውጣት ከቁልቁሉ ይቀላል። ስትወጡ እጃችሁ የሚይዘውን ታያላችሁ፤ ስትወርዱ ግን እግራችሁ የሚረግጠው አይታያችሁም። መልሱ «እንጃ» ከሆነ ለብቸኛ ሰው «እንጃ» ማለት «አይ» ነው።

መንገዱ የጠፋባችሁ ከመሰላችሁ «ትንሽ ልሂድና ልየው» አትበሉ። ቁሙ። እርግጠኛ ወደነበራችሁበት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ። ለዚህ እንዲረዳ መንታ መንገድ ላይ በደረሳችሁ ቁጥር ዞር ብላችሁ ኋላችሁን ፎቶ አንሱ። መንገድ ሲመለሱት መልኩ ሌላ ነው።

«ውሃውን ተከትለህ ውረድ፣ ሰው ታገኛለህ» የሚለውን ምክርም ተጠንቀቁበት። የእኛ ደጋ በገደል የተቆራረጠ ነው። ውሃው የሚወርደው በፏፏቴ ሊሆን ይችላል።

*4. የያዛችሁት ነገር*

ውሃችሁ ግማሽ ላይ ሲደርስ ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ ማለት ነው፤ ጫፍ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም። የስልክ ባትሪም እንደዚሁ። እኛ 40 ፐርሰንትን ገደብ አድርጉት እንላለን፤ ስልካችሁ ካርታም፣ ባትሪም፣ መደወያም ስለሆነ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይወርዳል፤ ስልኩን ከቦርሳ ይልቅ ውስጥ ኪሳችሁ ያዙት። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ስለሚሠራ ካርታውን ቤት እያላችሁ አውርዱት። ኔትወርክ ደካማ ሲሆን ስልኩ ሲፈልግ ባትሪ ይጨርሳል፤ ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት።

የጫማ ሶል ከተገነጠለም ተመለሱ። ቀልድ አይደለም።

*5. ሰው*

ይህኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። መንገድ ላይ የምታገኟቸው እረኞች፣ ገበሬዎች፣ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች ቦታውን ከጉግል በላይ ያውቃሉ። «ልጄ፣ ዛሬ በዚያ በኩል ባትሄድ ይሻላል» ካሉ ምክንያቱን ባይነግሯችሁም ተመለሱ። የጸጥታው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሊለያይ ይችላል፤ ከመሄዳችሁ በፊትም የአካባቢውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ካመነቱ ዕቅዱን ሰርዙት።

ሰው እየተከተላችሁ ከመሰላችሁ፣ የሆነ ነገር ደስ ካላላችሁ፣ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። በተለይ ብቻችሁን ለምትወጡ ሴቶች፦ «ሰው ምን ይለኛል፣ ጥርጣሬ አበዛሁ» ብሎ መቀጠል አያስፈልግም። ሰው ወዳለበት ዞር በሉ።

ሲመሽ ደግሞ ጅብ ይወጣል። ቀን ብዙም አይታይም፤ ከጨለመ በኋላ ግን ጫካው የእሱ ነው።

ብሔራዊ ፓርኮች የራሳቸው ሕግ እንዳላቸውም አትርሱ። ለምሳሌ ሰሜን ተራሮች ስካውት ይዞ መግባት ግዴታ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን ራስ ዳሸን «ብቻዬን» ብሎ መነሳት ከሕጉም ከጤናውም አያስኬድም።

ሦስት ትንንሽ ነገር = አንድ ትልቅ ነገር

ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚመጣው በአንድ ትልቅ ነገር አይደለም። ዘግይቶ መነሳት፣ ከዚያ ትንሽ መንገድ መሳት፣ ከዚያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ካፊያ። እያንዳንዱ ለብቻው «ምንም አይደል» የሚባል ነው። ተደምሮ ግን ምንም አይደል አይባልም።

ስለዚህ በጣታችሁ ቁጠሩ። ከዕቅድ ውጪ የሆነ ትንሽ ነገር ሲያጋጥማችሁ አንድ። ሌላ ሲጨመር ሁለት። ሦስተኛው ላይ ዙሩ። ሦስቱም ቀላል ቢመስሏችሁም።

ድካም ብቻውን ግን ምልክት አይደለም። ተራራ ያደክማል፣ የወጣችሁትም ለዚያ ነው። ዕረፍትና ምግብ የሚመልሰው ድካም ጤና ነው። ካረፋችሁም በኋላ የማይለቅ ድካም ግን ይቆጠራል።

ጭንቅላታችሁ የሚነግራችሁ ውሸቶች

ምልክቱን እያየ ሰው ለምን ይቀጥላል? ተራራ ወጪዎች «የጫፍ ትኩሳት» የሚሉት ነገር አለ። ጫፉ ሲቃረብ ሌላው ሁሉ ከዓይን ይጠፋል። ጭንቅላትም ጠበቃ ይሆንና ይከራከራል፦

«ይህን ያህል መጥቼ?» — የመጣችሁበት መንገድ አልፏል፤ ቀጠላችሁም ተመለሳችሁም አይመለስም። መጠየቅ ያለበት ከዚህ በኋላ ስላለው ብቻ ነው።

«የትራንስፖርት ብሬ!» — የሄደው የሚኒባስ ዋጋ ነው። ስብራት ከዚያ ይወደዳል።

«ስቶሪ ላይ ጫፍ ልወጣ ነው ብያለሁ» — ይህ ለእኛ ትውልድ ትልቁ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ፖስት አድርጉ። ያልተነገረ ዕቅድ አያስገድድም።

«ባለፈው ሳምንት እነ እንትና ወጥተውት የለ?» — እነሱ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰማይ፣ ምናልባትም አምስት ሆነው ነው የወጡት።

ብቻችሁን ስትሆኑ ይህን ጠበቃ የሚያስቆም ሰው አጠገባችሁ የለም። አንድ ዘዴ አለ፦ በዚያች ሰዓት አጠገባችሁ ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ቆመው «ልቀጥል ወይስ ልመለስ?» ቢሏችሁ ምን ትሏቸዋላችሁ? «ተመለስ» የምትሉ ከሆነ ለራሳችሁም መልሱ ያው ነው።

ከዞራችሁ በኋላ

መመለስ ራሱ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ የሆነ ነገር ብሉ፤ ቆሎም ይሁን ዳቦ። የጫማ ማሰሪያችሁን አጥብቁ። ለሚጠብቃችሁ ሰው «ዞሬያለሁ» ብላችሁ ቴክስት ላኩ፤ ኔትወርክ ደክሞ ስልክ እምቢ ሲል መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በመጣችሁበት መንገድ ውረዱ። አቋራጭ የለም። ቀስ ብላችሁ።

ጨለማ ከደረሰባችሁና መንገዱ የማይታይ ከሆነ ገደል አካባቢ አትንቀሳቀሱ። ከነፋስ ተከለሉ፣ ያላችሁን ልብስ በሙሉ ልበሱ፣ ቦርሳችሁ ላይ ተቀመጡ። በተራራ ዓለም የታወቀው የድረሱልኝ ምልክት በደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ማፏጨት ወይም ባትሪ ማብራት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ እንደገና መድገም ነው። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991። ግን እውነቱን እንነጋገር፦ ቀድሞ የሚደርስላችሁ የቅርቡ መንደር ሰው ነው። ጠዋት ስታልፉ ሰላም ያላችኋቸው፣ «እዚያ ላይ ወጥቼ እመለሳለሁ» ያላችኋቸው ሰዎች አለመመለሳችሁን ያስተውላሉ። ሰላምታ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ዋስትናም ነው።

ዛሬውኑ ኮፒ አድርጋችሁ የምታስቀምጡት መልእክት

አሜሪካዊው አሮን ራልስተን እ.ኤ.አ. በ2003 ዩታ ውስጥ ብቻውን ሸለቆ ገብቶ እጁን ድንጋይ ያዘበት። የት እንደሄደ ለማንም አልተናገረም ነበር። አምስት ቀን ከቆየ በኋላ የገዛ ክንዱን ቆርጦ ነው የወጣው። ታሪኩ ፊልም ሆኗል፤ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ይህች መልእክት ለዚህ ናት። ለእናት፣ ለእህት፣ ለጓደኛ፣ ስልኩን ለማያጠፋ ሰው ላኩት፦

«ዛሬ ብቻዬን ______ ተራራ እየወጣሁ ነው። የምነሳው ከ______ በኩል፣ የምመለሰውም በዚያው ነው። ጫፍ ደረስኩም አልደረስኩም ______ ሰዓት ላይ እዞራለሁ። ______ ሰዓት ላይ ግርጌ ደርሼ እደውላለሁ። የለበስኩት ጃኬት ______ ቀለም ነው። እስከ ______ ሰዓት ካልደወልኩ መጀመሪያ ለእኔ ደውል/ይ፣ ካልተገኘሁ ለፖሊስና ለዚህ የአካባቢው ሰው ደውል/ይ፦ ______።»

ይህ መልእክት ሌላ ጥቅምም አለው። የመመለሻ ሰዓታችሁን ለሌላ ሰው ስለተናገራችሁ ቃል ገብታችኋል። ተራራው ላይ «ትንሽ ልጨምር» ስትሉ ታች ሰዓት የሚያይ ሰው እንዳለ ታስታውሳላችሁ። ብቻችሁን ወጥታችሁም ብቻችሁን አልሆናችሁም ማለት ነው።

ተመልሳችሁ ስትገቡ «ጫፉን ደረስሽ? ደረስክ?» የሚል አይጠፋም። «አልደረስኩም፣ ሰዓቴ ሞላ» በሉት። ከመሞት መሰንበት። ቅዳሜ ደግሞ በየሳምንቱ አለ።

ብቻውን የሚወጣ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። እናንተስ ጫፉ እየታያችሁ የተመለሳችሁበት ቀን አለ? ምን አስወሰናችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል።